ካስማና የባሕር ሙላት

በሰሜን ቬትናም የሚገኘውን የሃ ሎንግ ባሕረ ሰላጤ በአስጎብኚ እየተመራ ለአንድ ቀን በጀልባ የሚዞር መንገደኛ፣ ቀጥ ብለው በቆሙ 1600 ያህል የኖራ ድንጋይ ደሴቶች መካከል ያልፋል። ከዋሻዎቹ አንዱ ዳው ጎ ይባላል፤ ትርጓሜውም «የእንጨት ጫፍ» ነው። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው፣ የጦር አዛዡ ትራን ሁንግ ዳኦ እ.ኤ.አ. በ1288 ዓ.ም. የሞንጎልን መርከቦች ያጠመደባቸው ካስማዎች የተከማቹት በዚህ ዋሻ ነበር።

የዋሻው ነገር አፈ ታሪክ ቢሆንም ውጊያው እውነት ነው። ሠራዊቱ በአቅራቢያው በሚገኘው በባክ ዳንግ ወንዝ የሾሉ ግንዶችን ተከለ። ባሕሩ ሲሞላ ግንዶቹ ተሸፈኑ፤ ቀላል ጀልባዎችም የሸሹ መስለው ጠላትን ወደ ውስጥ ሳቡት። ውኃው ሲጎድል ከባዶቹ መርከቦች በካስማዎቹ ላይ ተያዙ። ንጎ ኩየንም እ.ኤ.አ. በ938 ዓ.ም. በዚያው ወንዝ፣ በዚሁ ዘዴ የደቡብ ሃንን መርከቦች ድል አድርጎ ነበር።

በዚህ አካባቢ ባሕሩ አብዛኛውን ጊዜ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ሞልቶ አንድ ጊዜ ይጎድላል። ስለዚህ ሰዓቱን የሳተ አዛዥ ሌላ ዕድል የሚያገኘው በማግሥቱ ነው። እንጨቱ ተራ እንጨት ነበር፤ ድሉን ያስገኘው የውኃውን ጠባይ አጥንቶ ሥራን ከጊዜው ጋር ማስማማት ነው። ይህም ለእኛ ሙያ እንግዳ ትምህርት አይደለም።