ከየኔታ ደጅ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል

መስከረም በጠባ ቁጥር የአዲስ አበባ መጽሐፍ አዟሪዎች ክንድ ላይ የሚደረደሩት መጻሕፍት የታወቁ ናቸው። ስለ ስኬት፣ ስለ ራእይ፣ ስለ ዓላማ ይናገራሉ። ብዙዎቹ የትርጉም ሥራዎች ሲሆኑ ምክራቸውም ተመሳሳይ ነው፤ ትልቅ አልም፣ ግብህን ጻፈው፣ ቀን ቁረጥለት፣ ወደ ኋላ አትበል። ምክሩ ክፉ አይደለም። ጉዳዩን ሁሉ በአንድ ሰው ወኔ ላይ መጣሉ ነው ቅር የሚያሰኘው። ረጅም መንገድ ተጉዘው ያሰቡት ቦታ የደረሱ የአገራችንን ሰዎች ታሪክ ላገላበጠ ሌላም ነገር ይታየዋል። መንገዱ ደረጃ ነበረው፤ ሰው ደክሞት አንዱ ደረጃ ላይ ቢቆምም አያፍርም ነበር።

ከአብነት ትምህርት ቤት እንነሣ፤ በዘመን ብዛት የሚወዳደረው የለምና። ልጁ የኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ፊደል ይቆጥራል። ከሀሁ ወደ አቡጊዳ፣ ከአቡጊዳ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያም ወደ ዳዊት ያልፋል። ዳዊት ሲደግም ቤተሰቡ አቅሙ በፈቀደ ይደግስለታል። እዚያ ላይ ቢያቆም ደብዳቤ የሚያነብ፣ ዳዊት የሚደግም ሰው ሆኖ በሰፈሩ ይከበራል። ልቡ ገና ያልጠገበው ግን ከቤት ይወጣል፤ ብዙ ጊዜም ወላጆቹ ሳያውቁ ጠፍቶ ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ ከመንደር ውሻ ጋር እየታገለ ቁራሹን ይለምናል።

ይህ ተማሪ በስንት ዓመቱ ሊቅ እንደሚሆን ቀን ቆርጦ አልተነሣም። ቀጥሎ የማንን ደጅ እንደሚጠና ግን ጠንቅቆ ያውቃል። ቅኔ የፈለገ ዋሸራ፣ ጎንጅ ወይም ዋድላ ይሄዳል። ድጓ ማስመስከር የፈለገ ጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ዙር አባ፣ አቋቋም የፈለገ ጎንደር። ቅኔ ቤት ከገባ በኋላም መንገዱ እንደገና ይከፋፈላል፤ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይነሣና በዘአምላኪየ፣ በሚበዝኁ፣ በዋዜማና በሥላሴ አልፎ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። ጉባኤ ቃና ሳይሞላለት መወድስ ልሞክር የሚል ተማሪ አይኖርም፤ ቢኖርም ጓደኞቹ ይስቁበታል። ዓመት ስለሞላው የሚያልፍም የለም። ፈጣኑ በወራት የሚዘልቀው ቤት ዘገምተኛውን ዓመታት ሊያስቀምጠው ይችላል። ጀማሪውን የሚያስቀጽለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከእሱ ጥቂት ቀድሞ የገባው ተማሪ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው የሚቀጥለውን ደረጃ በዓይኑ ያየዋል፤ አጠገቡ ቁጭ ብሏልና።

ሥርዓቱን ላሞካሸው አልፈልግም። በረሃብና በወረርሽኝ መንገድ ላይ የቀረው ተማሪ ብዙ ነው። ከጽላሎዋ የቅኔ መምህርት ከእማሆይ ገላነሽ ሐዲስና ከመሰሏቸው ጥቂቶች በቀር ሴቶች ደጁን አልረገጡም። ሆኖም በየእርከኑ የሚቆም ሰው ስምና ሥራ ነበረው። ዲያቆን፣ ቄስ፣ መሪጌታ፣ የቅኔ መምህር፣ የመጻሕፍት መምህር። አራቱንም ጉባኤያት፣ ማለትም ብሉይን፣ ሐዲስን፣ ሊቃውንትንና መነኮሳትን የዘለቀው ጥቂት ነው፤ ያልዘለቀው ግን ወዳቂ አልተባለም።

ሌላ ጥያቄም አለ፤ ግቡ የማን ነው? ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ይህንኑ አንስተዋል። ዋናው ገጸ ባሕርይ በዛብህ ገና ልጅ ሳለ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር ተስለውበታል። የሕይወቱ መድረሻ የተቆረጠው እሱ ሳይጠየቅ ነው። ቅኔውን ተምሮ፣ ጎብዞ፣ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሊያስተምር ሲገባ ነው የራሱ ልብ ሌላ እንደሚፈልግ የሚያውቀው። ደራሲው ራሳቸው በጎጃም አድባራት ቅኔ የተማሩ ናቸውና የሚጽፉትን ያውቁታል። እኔ ይህን ልብ ወለድ የማነበው ስለ ፍቅር ብቻ እንደተጻፈ አድርጌ አይደለም። ሌላ ሰው የቆረጠለትን ግብ ተሸክሞ የሚሄድ ወጣት በምን እንደሚሰበር ያሳየኛል። ልጃቸው ሐኪም ወይም ኢንጂነር ካልሆነ ሞተን እንገኛለን የሚሉ ዘመናዊ ወላጆችም ተስለዋል፤ ጧፍና ጃንጥላ አለማቅረባቸው ብቻ ነው ልዩነቱ።

ወደ ገንዘብ ስንመጣ ዕቁብ አለ። መርካቶ ውስጥ ሱቅ የከፈተ፣ ታክሲ የገዛ፣ ቤት ያቆመ ስንት ሰው ነው መነሻው የዕቁብ ዕጣ የሆነ! አሠራሩ ቀላል ነው። በሳምንት ወይም በወር የተወሰነ ብር ይጣላል፣ ዕጣ ይወጣል፣ የደረሰው ሰው ዋስ ጠርቶ ይበላል። ቸኩሎ ገንዘቡን የፈለገ የሌላውን ዕጣ ይገዛል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ብቻውን ቢሆን በሁለተኛው ወር የሚያቋርጥ ሰው ዕቁብ ውስጥ እስከ መጨረሻው ይጥላል። ጠባዩ አልተለወጠም። የዕቁቡ ዳኛ፣ ጸሐፊውና ዋሱ ዓይናቸውን ጥለውበታል፤ ግዴታው በየሳምንቱ ትንሽ በትንሽ ይመጣል። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ያሉ ወገኖቻችን በባንክ ብድር አገር ተቀምጠው ዕቁብ ያልተዉት በከንቱ አይመስለኝም።

የጽናት ምሳሌ ሲፈለግ ስማቸው ቶሎ ከሚነሣ ሰዎች አንዱ ሯጩ ምሩጽ ይፍጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ሙኒክ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ አገኘ፤ በ5,000 ሜትሩ ግን መነሻው ላይ ሳይገኝ ቀረ። ምክንያቱ ብዙ አከራክሯል። በ1976 ሞንትሪያል ላይ ደግሞ ኢትዮጵያ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ራሷን ከኦሊምፒኩ አገለለች፤ ኒውዚላንድ የራግቢ ቡድኗን ወደ አፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ልካ ነበርና። ሯጩ ምንም ያላጠፋበት ጉዳይ አራት ዓመቱን በላው። በ1980 ሞስኮ ላይ ሁለቱንም ርቀት አሸንፎ «ማርሽ ቀያሪው» መባሉን ሁሉም ያውቃል። የሚረሳው በመሐል ያለው ነው። በ1977 ዱሰልዶርፍ፣ በ1979 ሞንትሪያል በተካሄዱት የዓለም ዋንጫዎች አፍሪካን ወክሎ 5,000ውንም 10,000ውንም አሸንፏል። ኦሊምፒኩ ሲዘጋበት የሚረግጠው ሌላ እርከን ነበረው፤ ከኋላውም አባል የሆነበት አየር ኃይል ነበር። ውድድርና የጦር ክፍል ባይኖረው ያን ያህል ዓመት በወኔ ብቻ ይቆይ ነበር ብዬ አላምንም።

አሁን ወደ ዘመናዊው ትምህርት። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ያለፈ ወጣት እንኳ የሚይዘው ነገር ነበረው፤ መምህራን ማሠልጠኛ ገብቶ ያስተምር፣ ድሬሰር ሆኖ መርፌ ይወጋ ነበር። ዛሬ ለአንድ ልጅ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የሚነገረው አንድ ግብ ዩኒቨርሲቲ ነው። በሩም አንድ ነው። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከፍ ብሏል፤ አብዛኛው ተፈታኝ ግን አሁንም ከበሩ ውጭ ነው። በፈተናው ላይ ኩረጃን ለመግታት የተወሰደው እርምጃ ትክክል ነበር፤ በዚያ አልከራከርም። ሪሚዲያል የተባለው የማካካሻ ትምህርት መጀመሩም መልካም ነው፤ ያልነበረ ደረጃ ተሠርቷልና። ግን የሚበቃው ለማለፍ ለተቃረቡት ነው።

የቀሩት አሥራ ሁለት ዓመት ተምረው ምን ተባሉ? «ወደቁ»። ቴክኒክና ሙያ የሚላኩትም እንደ ቅጣት ይቆጥሩታል፤ መንግሥትም፣ ወላጅም፣ መምህርም እንደዚያ አድርገው ነግረዋቸዋልና። ለእነዚህ ልጆች «ትልቅ አልሙ» ብሎ መስበክ ማፌዝ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር በስምንተኛም በአሥረኛም ክፍል የሚያስከብር መቆሚያ፣ ከዚያም ተመልሶ የሚወጣበት መንገድ ይሥራላቸው። ወላጆችም ብየዳ ወይም ኤሌክትሪክ የተማረ ልጃቸውን ዘመድ ፊት ሲያስተዋውቁ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ ይተዉ።