የአየርላንድ ምድር ባቡርና የወዳጆቹ ዜና መዋዕል

በአየርላንድ ደሴት ምድር ባቡር እንዴት እንደ ገባ፣ እንዴት እንደ በዛ፣ እንዴትም እንደ ተነቀለ፣ ከዚያም ወዳጆቹ በገንዘባቸውና በጉልበታቸው እንዴት እንዳቆዩት እንጽፋለን። ዘመኑን የምንቆጥረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የነገሥታትን ዜና የሚጽፍ ሞልቷል፤ እኛ የምንጽፈው ሹመት ሳይኖራቸው፣ ደመወዝም ሳይቆረጥላቸው፣ ስለ ወደዱት ብቻ አንድን ነገር ከጥፋት ስላወጡ ሰዎች ነው።

በ1834 ዓመት፣ ዲሴምበር 17 ቀን፣ በደብሊን ከተማ ከዌስትላንድ ሮው ተነሥቶ እስከ ኪንግስታውን ወደብ የሚደርስ ባቡር ሥራ ጀመረ። ወደቡ ዛሬ ደን ሌሪ ይባላል። መሐንዲሱ ቻርልስ ቪኞልስ ሲሆን፣ መንገዱን በኮንትራት ያሠራው ዊልያም ዳርጋን ነበረ። ይህ ዳርጋን የካርሎው አገር ጭሰኛ ገበሬ ልጅ ነው። ከዚያ ወዲያ በደሴቲቱ ከ800 ማይል በላይ ሐዲድ ዘረጋ፤ በ1853 በደብሊን የተደረገውን ታላቅ የኢንዱስትሪ ኤግዚቢሽን ወጪ ከኪሱ ቻለ። ንግሥት ቪክቶሪያ ቤቱ ድረስ ሄዳ ጎበኘችው፤ የመኳንንት ማዕረግ ቢሰጡት ግን አልፈልግም ብሎ መለሰ።

ከዚህ በኋላ ስለ ሐዲዱ ስፋት ክርክር ተነሣ። ነገሩን በቅጡ መተረክ ያስፈልጋል፤ ኋላ የሚሆነው ሁሉ ከዚህ ይመነጫልና። የደብሊኑ ሐዲድ እንደ እንግሊዝ አገር በ4 ጫማ ከ8 ኢንች ተኩል ተዘርግቶ ነበር። በሰሜን የኡልስተር ኩባንያ ደግሞ በ6 ጫማ ከ2 ኢንች ዘረጋ። ከደብሊን ወደ ድሮኸዳ መንገድ የጀመረው ሦስተኛው ኩባንያ በ5 ጫማ ከ2 ኢንች ለማድረግ አሰበ። ሦስቱ በሦስት ልክ ሲሠሩ፣ አንዱ ባቡር በሌላው ሐዲድ እንደማይሄድ ታየና ሁከት ሆነ። ጉዳዩ የእንግሊዝ መንግሥት የምድር ባቡር ዋና ተቆጣጣሪ ወደ ነበረው ወደ ጄኔራል ፓዝሊ ቀረበ። እርሱም መሐንዲሶቹን ጠይቆ መካከለኛውን ያዘ፤ 5 ጫማ ከ3 ኢንች ይሁን አለ። በ1846 ይህ ሕግ ሆኖ ጸና። በሜትር ሲለካ 1600 ሚሊ ሜትር ነው። ብራዚልና አውስትራሊያ በዚህ ልክ የሚሄዱ መስመሮች አሏቸው፤ በአውሮፓ ግን ዛሬ ይህ ልክ ያለው በአየርላንድ ደሴት ብቻ ነው። ስለዚህ የአየርላንድ ሎኮሞቲቭ ከተሰበረ ከእንግሊዝ ወይም ከፈረንሳይ ሙዚየም ምትክ አይመጣለትም፤ አገሬው ካላዳነው ሌላ የሚያድነው የለም።

በዚያም ዘመን ሐዲድ እንደ ጎርፍ በደሴቲቱ ተሰራጨ። በ1849 ከደብሊን እስከ ኮርክ ደረሰ። በደብሊን ዳር በኢንቺኮር ሎኮሞቲቭ የሚገጠምበት ትልቅ ፋብሪካ ተተከለ። ድሃ በሆኑት የምዕራብ አውራጃዎች ደግሞ ወጪው እንዲቀንስ በ3 ጫማ ስፋት ብቻ ጠባብ ሐዲድ ተዘረጋ።

ከሁሉም የተለየው ግን በኬሪ አውራጃ በ1888 ዓመት ከሊስቶዌል እስከ ባሊቡንየን የተሠራው ነው። ሠሪው ሻርል ላርቲግ የተባለ ፈረንሳዊ ሲሆን፣ ሐሳቡ የመጣለት በአልጄሪያ በረሃ ግመሎች ጭነታቸውን ግራና ቀኝ አንጠልጥለው ሲሄዱ አይቶ ነው ይባላል። ሐዲዱ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም በብረት እግሮች ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ ይሄዳል። ባቡሩ በሐዲዱ ላይ ተፈናጦ፣ ግማሽ አካሉ በግራ ግማሹ በቀኝ ይንጠለጠላል፤ ሎኮሞቲቩም ጎን ለጎን የተጣመሩ ሁለት ቦይለሮች ነበሩት። ጭነት በአንድ ወገን ከበዛ ይዘማልና፣ በዚያኛው ወገን በልኩ ክብደት መጫን ግድ ነበር። ገበሬው በሐዲዱ ማዶ ወዳለው እርሻው ለመሻገር የሚወርድና የሚነሣ ድልድይ ተሠርቶለት ነበር። በአየርላንድ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ መስመሩ ተጎዳና በ1924 ተዘጋ። ሊስቶዌሎች ግን አልረሱትም፤ በ2003 አምሳያውን ሠርተው ሰው እያሳፈሩ አስኬዱት።

ወደ ታላቁ ነገር እንመለስ። በ1920 ገደማ የደሴቲቱ ሐዲድ 3,400 ማይል ያህል ደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲያ አገሪቱ ለሁለት ተከፈለች፤ ሐዲዱ በድንበሩ ወዲህና ወዲያ የነበረው ታላቁ የሰሜን ምድር ባቡር ኩባንያም በአንድ ጊዜ ለሁለት መንግሥታት አዳሪ ሆነ። ባቡሩ ድንበር በተሻገረ ቁጥር የጉምሩክ ፍተሻ ነበረበት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ከሰል ስለ ቀረ፣ ከረግረግ መሬት ተቆርጦ በፀሐይ የደረቀ አፈርና የከሰል ብናኝ አነደዱ፤ ባቡሩም እንፋሎት እያጠረው በየመንገዱ ይቆም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ከባድ መኪናና አውቶቡስ ተበራከቱ። በ1958 የሰሜኑ ኩባንያ ፈረሰና ንብረቱ እንደ ውርስ ተከፋፈለ፤ ሎኮሞቲቮቹ በየዓይነታቸው ተቆጥረው እኩሌቶቹ ለደብሊን፣ እኩሌቶቹ ለቤልፋስት ደረሱ።

በዚያው ዓመት በመጨረሻው ቀን በደብሊን የሃርኮርት ስትሪት መስመር ተዘጋ። የመንግሥቱ ትራንስፖርት ድርጅት ሊቀ መንበር ቶድ አንድሩስ ነበር። መስመሩ ኪሳራ ያመጣ እንደ ነበር አይካድም፤ ሐዲዱን ነቅሎ መሬቱን መሸጥ ግን ከመዝጋት የከፋ ሥራ እንደ ነበር እንጽፋለን። በሚልታውን ያለው ባለ ዘጠኝ ቅስት ድልድይ ባዶውን ቀረ። በ2004 ሉዋስ የተባለው የከተማ ባቡር በዚያው መንገድ ተመልሶ ሲያልፍ፣ በደንድረም የተሠራው አዲስ ድልድይ በዊልያም ዳርጋን ስም ተሰየመ። የሉዋስ ሐዲድ ግን 1435 ሚሊ ሜትር ነውና የድሮዎቹ ሎኮሞቲቮች በላዩ ሊሄዱ አይችሉም።

አሁን ስለ ወዳጆቹ እንናገራለን። በ1946 የአየርላንድ ምድር ባቡር መዝገብ ማኅበር ተቋቋመ። አባላቱ የሰዓት ሠንጠረዥ፣ ቲኬት፣ ፎቶግራፍና ንድፍ ያሰባስቡ ጀመር። በዚያ ጊዜ የትራሊና የዲንግል ጠባብ መስመር መንገደኛ ማሳፈር ካቆመ ቆይቶ ነበር፤ ከ1947 ጀምሮ ደግሞ በወር አንድ ጊዜ ለዲንግል የከብት ገበያ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ይህን የከብት ባቡር ለማየትና ፎቶ ለማንሣት ከሩቅ አገር ሳይቀር የሚመጡ ነበሩ። በ1953 እርሱም ቆመ። ቁጥር 5 የተባለችው ሎኮሞቲቭ በ1959 ተሽጣ ባሕር ተሻገረች፤ በአሜሪካ በቨርሞንት ክፍለ ሀገር ሙዚየም ገባች። በ1986 ወደ አገሯ መለሷት፤ በ1993ም በትራሊ ዳር በአጭር መስመር መንገደኛ ጎተተች።

ሌሎች ደግሞ ባቡሩን በትንሹ ሠርተው አቆዩት። ሲሪል ፍራይ በኢንቺኮር ፋብሪካ ንድፍ ነዳፊ ነበር። ቀን የሚነድፈውን ማታ በቤቱ ጣሪያ ሥር አሳንሶ ይሠራ ነበር፤ የየኩባንያውን ሎኮሞቲቭና ሰረገላ በእጁ ቀርጾ ቀባ። በ1972 ሞተ። ሥራው ከ1988 እስከ 2010 በማላሃይድ ቤተ መንግሥት ታየ፤ በ2020ም በዚያው ከተማ ካሲኖ በተባለው ቤት ሙዚየም ተከፈተለት።

በዚህ ሙያ ያሉትን ሁሉ የጄኔራል ፓዝሊ ፍርድ ይከተላቸዋል። በእንግሊዝ ልማድ ባቡሩን 76 ጊዜ አሳንሶ ለሚሠራ ሰው ሱቅ የሚሸጥለት ሐዲድ ስፋቱ 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። የአየርላንድ ሐዲድ በዚያው ልክ ሲያንስ ግን 21 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። አብዛኛው ሰው በሱቁ ሐዲድ ይስማማል፤ ዓይኑ ልዩነቱን የማይታገሥ ግን ራሱ ይሠራል። መዳብ የለበሱ ቀጫጭን ቁራጮችን በየተራ ይደረድራል፤ አንዱን ሐዲድ በሊድ ይበይዳል፤ 21 ሚሊ ሜትር የተለካ ብረት ከጎኑ አስገብቶ ሁለተኛውን ያስጠጋል፤ ከዚያ ጭራሮ በሚያህል መበየጃ አንድ በአንድ ይነካዋል። መንኮራኩሮቹን ከዘንጋቸው አውጥቶ አራርቆ ይመልሳቸዋል። አንድ ክንድ የማይሞላ ሐዲድ አንድ ምሽት ይወስዳል። እኔ ይህን ትዕግሥት ከታላላቅ ሥራዎች እቆጥረዋለሁ።

በደቡቡ መንግሥት የእንፋሎት ባቡር በ1960ዎቹ መጀመሪያ አበቃ፤ ሎኮሞቲቮቹም በብረት ዋጋ ተሽጠው ይቆራረጡ ጀመር። ያን ጊዜ በ1964 የአየርላንድ ምድር ባቡር ጥበቃ ማኅበር ተነሣ፤ መቀመጫውንም በአንትሪም አውራጃ በባሕር ዳር በምትገኘው በዋይትሄድ አደረገ። በ1879 የተሠራችውን ቁጥር 186ን፣ በ1913 የተሠራችውን ስሊቭ ጋሊየንን አዳኑ። ሜቭ የተባለችው፣ በ1939 ኢንቺኮር የሠራት ታላቋ ሎኮሞቲቭ፣ በቤልፋስት አጠገብ በካልትራ ሙዚየም ተቀመጠች። በጥንቱ ተረት ንግሥት ሜቭ በኡልስተር ላይ ጦር የመራች የኮናክት ገዥ ናት፤ ዛሬ ስሟን የያዘችው ሎኮሞቲቭ በኡልስተር ምድር በክብር ትጠበቃለች።

በሰሜን ግን እንፋሎት ጥቂት ዘመን ቆየ። ከ1966 ጀምሮ ከማገራሞርን የድንጋይ ካባ ወደ ቤልፋስት ባሕር ዳር ለአውራ ጎዳና መደልደያ የሚሆን ድንጋይ ይጓዝ ነበር። 20 ፉርጎ አንድ ላይ ተያይዞ፣ አንድ ሎኮሞቲቭ ከፊት ይጎትታል፣ አንድ ከኋላ ይገፋል። ባቡሩን ያዳከመው የመኪና መንገድ በባቡሩ ጉልበት ተሠራ። በ1970 ሥራው አለቀ። ከእነዚያ ሎኮሞቲቮች አንዷን፣ በ1947 የተሠራችውን ቁጥር 4ን፣ ማኅበሩ በ1971 ገዛ።

የማኅበሩ ሰዎች ሥራ ከባድ ነው። ጉዞ ባለበት ዋዜማ እሳቱ ይለኮሳል፤ ቦይለሩ በድንገት ከሞቀ ብረቱ ይጎዳልና ቀስ እያለ ይሞቃል። አንዱ አመድ ይጠርጋል፣ አንዱ መጋጠሚያውን ዘይት ያጠጣል፣ አንዱ ናሱን ይወለውላል። ሐኪሙም መምህሩም ጡረተኛውም በአንድ ቱታ ይሠራሉ። የተበላሸ ዕቃ ከገበያ አይገኝምና በዋይትሄድ ራሳቸው ያበጃሉ። በ2017 ሥፍራው ሙዚየም ሆኖ ለሕዝብ ተከፈተ፤ ጎብኚው ሎኮሞቲቮቹ ሲጠገኑ ቆሞ ያያል። ማኅበሩም እስከ ዛሬ መንገደኛ አሳፍሮ፣ ፓዝሊ በወሰነው ሐዲድ ላይ፣ በሁለቱም መንግሥታት ምድር ያስኬዳቸዋል።