ያባት ዕዳ ለልጅ

«ያባት ዕዳ ለልጅ፣ ያፍንጫ እድፍ ለእጅ» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ ሲነገር የሚሰማው የአባት ድምፅ ነው። ልጁስ ምን አለ? ይህን ጥያቄ አንሥቶ በሰፊው የተጨነቀበት፣ ለዚህ ጸሐፊ እንደሚመስለው፣ የአማርኛ ረጅም ልብ ወለድ ነው።

የመጀመሪያው ልብ ወለዳችን የተነሣው ከዕዳ ነው። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ያሳተሙት፣ በኋላም «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በጦርነት ድል ሆኖ የተማረከ የጦር አለቃን ታሪክ ይነግረናል። አንድ ደግ ነጋዴ የሚዋጅበትን ገንዘብ ይሰጠዋል። የአባቱ ውለታ የከነከነው ልጅ፣ ዋሕድ፣ ብድሩን ሊመልስ ነጋዴውን ፍለጋ ይወጣና በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል። መንትያ እኅቱ ጦቢያ ደግሞ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር እሱን ፍለጋ ትነሣለች። ልጅ ይህን ታሪክ ቢሰማ ከምድጃው ዳር አይነሣም። አዋቂ ሲያነበው ግን ሰው የሚሸጥበት ገበያና የጦርነት ጠባሳ ይታየዋል። ዕዳው እዚህ ላይ በፈቃድ የሚከፈል ነው፤ መጨረሻውም ሠርግ ነው።

ከ58 ዓመት በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ ልጃቸው በዛብህ እንዳይሞትባቸው ፈርተው ለቤተ ክርስቲያን ይሳሉታል። ወላጆቹ የገቡት ቃል ያለ ፈቃዱ የሱ ዕዳ ሆነ። ልጁ ነፍስ ሲያውቅ ከዚህ ዕዳ ይሸሻል። ቢሸሽም ከፊታውራሪ መሸሻ ቤት፣ ከሰብለ ወንጌል ጋር ፊደል ይዞ ሲቀመጥ፣ ሌላ ዕዳ ይጠብቀዋል፤ የድኻ ልጅነት ዕዳ። ሰብለም ብትሆን የአባቷን የዘር ኩራት የምትከፍል ልጅ ናት። መጽሐፉን የፍቅር ታሪክ ብቻ አድርጎ ያነበበ ሰው ግማሹን አንብቧል። ወላጆች በፍቅርም በትዕቢትም ያሠሩትን ልጆች እንዴት እንደከፈሉት የሚናገር መጽሐፍ ነውና።

የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» በ1962 ዓ.ም. ሲወጣ ልጁ አልከፈለም፤ አልሸሸምም። ቁጭ ብሎ ተከራከረ። ከዩኒቨርሲቲ የመጣው ወጣት በአርማንያ፣ እንደ ባለርስቷ ወይዘሮ አሰጋሽ ያሉ ሰዎች በሚኖሩበት አገር፣ ልማዱን ሁሉ «ለምን?» እያለ ይጠይቃል። አራት ዓመት ብቻ ቆይቶ፣ በ1966 ዓ.ም.፣ ያው ክርክር አደባባይ ወጣ።

እንግዲህ ሦስቱም መጻሕፍት የተጻፉት ለአዋቂ ነው፤ በሦስቱም ውስጥ የሚታየን ግን ልጅ ነው። ለልጆች ተብሎ የተጻፈውስ? የከበደ ሚካኤልን «ታሪክና ምሳሌ» ያልተማረ የዚያ ዘመን ተማሪ ማግኘት ያስቸግራል። ግሩም መጽሐፍ ነው፤ መልኩ ግን የምክር ነው። ታሪኩ ሲያልቅ ትልቅ ሰው ለትንሽ ሰው ትምህርቱን ይነግረዋል። ልጁ ያዳምጣል እንጂ አይመልስም።

ሁለቱን መደርደሪያዎች ያቀላቀለው፣ የሚገርመው፣ መጽሐፍ አልነበረም፤ ራዲዮ ነበር። ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ራዲዮ ሲተርከው፣ ማንበብ የማይችሉ አያትና ፊደል ያልቆጠረ የልጅ ልጅ ባንድነት ሊሰሙት ቻሉ። አዋቂው ለፊታውራሪ መሸሻ ሲስቅ፣ ልጁ ለበዛብህ ይሰጋል። ያንዱን ታሪክ ሁለት ዕዳ፣ የወላጁንም የልጁንም፣ አንድ ቤት ባንድ ሌሊት ሰማው።

ዛሬ በከተማው የልጆች መጽሐፍ ስንገዛ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ምን ያስተምራል?» ብለን ነው። ጥያቄው ክፉ አይደለም። ግን በዛብህን ያሠረው ስለትም ከክፋት የመጣ አልነበረም፤ ልጁን ያልጠየቀ ፍቅር ነበር። ለልጆቻችን ምክር የሞላበትን መጽሐፍ ስናወርስ፣ መልስ የሚሰጥ ልጅ ያለበትንም እንጨምርላቸው። ዕዳችንን መቀበላቸው ካልቀረ፣ ስንት እንደሆነ የመጠየቅ መብት አላቸው።