«ባሕር»፦ የአንድ ቃል ታሪክ ከጣና ዳርቻ

ቋንቋ ኅብረተሰብ በሥራና በኑሮ ያካበተው ልምድ የሚከማችበት ግምጃ ቤት ነው። የነገሥታቱ ዘመቻና ሹመት በዜና መዋዕል ሲጻፍ፣ የአርሶ አደሩ፣ የዓሣ አስጋሪውና የታንኳ ሠሪው ታሪክ ግን በአብዛኛው ተጠብቆ የቆየው በየዕለቱ በሚነገሩ ቃላት ውስጥ ነው። ከእነዚህም አንዱ «ባሕር» ነው። የዚህን ቃል ልዩ ልዩ ፍች ለመመርመር ከባሕር ዳር ከተማ የተሻለ መነሻ አይገኝም፤ ከተማዪቱ ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ቃል ነውና።

የጂኦግራፊ መማሪያ መጻሕፍት ጨዋማውንና ሰፊውን ውሃ «ባሕር»፣ በየብስ የተከበበውን ደግሞ «ሐይቅ» ይሉታል። እነዚሁ መጻሕፍት ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ እንደምትገኝ ያስተምራሉ። እንግዲህ የባሕሩ ዳር ከባሕሩ በላይ ሆነ ማለት ነው። አነጋገሩ እርስ በርሱ የሚጋጭ ቢመስልም፣ ስሙን ያወጡት ሰዎች አልተሳሳቱም። በጥንቱ አነጋገር ጨው ኖረውም አልኖረው፣ ሰፊ ውሃ ሁሉ ባሕር ነበር። በወንጌል የሚታወቀው የገሊላ ባሕርም ጨው አልባ ሐይቅ ነው። በአንጻሩ «ሐይቅ» በግእዝ የውሃውን ዳርቻ ጭምር ያመለክት ነበር። ዳርቻን የሚያመለክተው ቃል በጊዜ ብዛት የውሃው መጠሪያ ሲሆን፣ «ባሕር» ወደ ጨዋማው ውሃ አዘነበለ። ቀድሞ ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ትባል የነበረችው መንደር ግን የቃሉን የቆየ ፍች በስሟ ጠብቃ ለዛሬው ትውልድ አስተላልፋለች።

ለጣና ዳርቻ ነዋሪ ይህ ስያሜ ማጋነን አልነበረም። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የተንጣለለውን፣ ማዶው የማይታየውን ውሃ በደንገል ታንኳ የሚያቋርጥ ሰው፣ ጥልቀቱ ከ15 ሜትር ባያልፍም ከባሕር ሌላ ምን ይለዋል? ክብራን፣ ጣና ቂርቆስና ዳጋ እስጢፋኖስ የመጻሕፍትና የንዋያተ ቅድሳት መጠበቂያ ሊሆኑ የበቁት ይህ ውሃ ስለከለላቸው ነው። ከሐይቁ የሚወጣው ዓባይም ድንበር ተሻግሮ ሱዳን ሲደርስ ባሕር አል አዝረቅ ይባላል። የግእዝ እኅት በሆነችው በዐረብኛ ቃሉ ታላቅ ወንዝንም ያጠቃልላልና፣ ውሃው ከባሕር ወጥቶ እንደገና ባሕር በሚባል ስም ይጠራል።

ሁለተኛው ፍች ከሩቅ የመጣ ነው። ባሕር ማዶ፣ የውጭ አገር ማለት ነው። አርሶ አደሩ ከአሜሪካ ምድር ተነሥቶ በብዙ እጅ አልፎ የደረሰውን በቆሎ በሚያውቀው እህል መስሎ «የባሕር ማሽላ» አለው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው የአውስትራሊያ ተክልም «ባሕር ዛፍ» ተባለ። እነዚህን ስሞች ያወጣ ሰው በታሪክ አልተመዘገበም፤ ሆኖም ማሽላውም ዛፉም ውሃ ውስጥ አልበቀሉም። ስያሜው የሚመሰክረው ስለመጡበት መንገድ ነው። እዚህ ላይ ባሕር እንግዳ ነገር የሚገባበት በር ሆኗል። በ15ኛው ምዕተ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የተጠናከረው የባሕረ ነጋሽነት ሹመትም ከመረብ ማዶ ባለው ደጋና ወደ ቀይ ባሕር በሚያወርደው መንገድ ላይ የተመሠረተ ነበር። ይህን በር ያጠበቀው ንጉሥ አጽሙ ያረፈው በሌላው ባሕር፣ በጣና ደሴት በዳጋ እስጢፋኖስ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ የባሕር በር የሌላት አገር ስትሆን፣ ቃሉ የማጣትን ስሜት ጨምሮ መያዝ ጀመረ።

ሦስተኛው ፍች ውሃውን ትቶ ብዛትን ይዟል። የበዓላትና የአጽዋማት ቀመር «ባሕረ ሐሳብ» ይባላል፤ የቁጥር ባሕር እንደማለት ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ ሁሉ ተራ በተራ የሚገባበት መዝገብም «ባሕር መዝገብ» ተብሏል።

ከሁሉም የጠለቀው ፍች ግን «ባሕርይ» ነው። በግእዝ ባሕርይ ከባሕር የሚወጣው ዕንቍ ነው፤ ደግሞም የአንድ ነገር እውነተኛ ማንነት ነው። በዐረብኛም «ጀውሀር» የሚለው ቃል ዕንቍንና ማንነትን አንድ ላይ ስለሚይዝ፣ የቋንቋ ሊቃውንት ሁለቱን ያነጻጽሯቸዋል። ቃሉ በሊቃውንት ጉባኤ ብቻ አልቀረም። በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ በጎርጎራ የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ከዐፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ጋር በተወዳጁበት ዘመን፣ የክርስቶስ ባሕርይ አንድ ነው ወይስ ሁለት የሚለው ጥያቄ የመንግሥት ጉዳይ ሆነ። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1622 ካቶሊካዊነትን በይፋ ሲቀበሉ አገሩ ተከፈለ፤ ባላገሩ በሁለቱም ወገን ተሰልፎ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1632 የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ታወጀ፤ ዙፋኑም ወደ ልጃቸው ወደ ዐፄ ፋሲለደስ አለፈ። የአንድ ቃል ፍች የምሁራን ጨዋታ ብቻ ነው ለሚል ሰው፣ ይህ ዘመን በቂ ምላሽ ነው።

እንግዲህ በዚህ አንድ ቃል ውስጥ የቅርቡ ውሃ፣ የሩቁ ዓለምና የሰው ውስጣዊ ማንነት አንድ ላይ ተቀምጠዋል። ነገር ግን የቃል ሕይወት ከሥራ ሕይወት አይለይም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እምቦጭ በሐይቁ ላይ ተንሰራፍቷል፤ ደንገሉም ከብዙው ዳርቻ ተመናምኗል። ደንገል ሲጠፋ ታንኳ ሠሪው ሙያውን ይተዋል፤ ሙያው ሲቀርም የመሣሪያው፣ የነፋሱና የማዕበሉ ስሞች አብረው ይቀራሉ። በመሆኑም ሐይቁን ከአረም የማጽዳቱ ተግባርና የዳርቻውን ቃላት ከነባር ነጋዴዎች፣ ከዓሣ አስጋሪዎችና ከነገደ ወይጦ ታንኳ ሠሪዎች አንደበት የመሰብሰቡ ተግባር ሊነጣጠሉ አይገባም። መምህሩ ተማሪዎቹን ይዞ ወደ ዳርቻው ቢወርድ፣ መዝገበ ቃላት ያልያዛቸውን ቃላት ዛሬም ከተናጋሪዎቻቸው አፍ ሊሰማ ይችላል።