የደገኛው ደም የተለካው ከየትኛው ሕዋስ ነው? ከጉና እስከ ስማዳ ቆላ ለሚደረግ የሜቲሌሽን ጥናት የቀረበ ክርክር

ጎርካ አልኮርታ-አራንቡሩ፣ ሲንቲያ ቢል፣ አምሃ ገብረመድኅን፣ አና ዲ ሪየንዞና ባልደረቦቻቸው በ2012 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት በደጋና በቆላ የሚኖሩ አማሮችንና ኦሮሞዎችን አነጻጽሮ ነበር። በዲኤንኤ ሜቲሌሽን ረገድ ያገኘው ውጤት አጭር ነው፤ በኦሮሞዎቹ ደገኞችና ቆለኞች መካከል በጥቂት ጂኖች ላይ ጉልህ ልዩነት ታየ፣ በአማሮቹ ግን አልታየም። ኦሮሞዎች ወደ ባሌ ደጋ የወጡት ከ16ኛው መቶ ዘመን ወዲህ ስለሆነ ከውጤቱ በቀላሉ የሚቀዳ አንድ ንባብ አለ። በዚያ ንባብ መሠረት አዲስ መጤው ሰውነቱን በኤፒጄኔቲክ ለውጥ ያላምዳል፣ የቆየው ግን መላመዱ በጂኑ ስለተጻፈ ሜቲሌሽን አያስፈልገውም። ንባቡ ያማረ ነው። የቆመበት ማስረጃ ግን ሊሸከመው አይችልም።

ሜቲሌሽን በሳይቶሲን ላይ የሚለጠፍ ኬሚካዊ ምልክት ነው፤ በጂን መነሻ ላይ ሲበዛ አብዛኛውን ጊዜ የጂኑን መነበብ ይገታል። ጉበቱ ጉበት፣ ነርቩ ነርቭ ሆኖ የሚዘልቀው በከፊል በዚህ ምልክት ነው። ምልክቱን የሚያነሡት ቴት የተባሉት ኢንዛይሞች ኦክስጅን ይሻሉ። ቲዬንፖንትና ባልደረቦቹ በ2016 እንዳሳዩት፣ በዕጢ ውስጥ ኦክስጅን ሲያጥር የኢንዛይሞቹ ሥራ ይዳከማል፣ ሜቲሌሽኑም ይበዛል። የዕጢ እጥረት ከተራራ አየር እጅግ የከፋ መሆኑ እርግጥ ነው፤ ሆኖም የኦክስጅን ማነስ ወደ ዲኤንኤ የሚደርስበትን መንገድ ያሳያል።

የክርክሩ እምብርት የተለካው ሕዋስ ነው። የደጋ ሰው መላመድ በዋናነት የሚለካው በሄሞግሎቢን ሲሆን፣ ሄሞግሎቢን የሚሠራው በመቅኔ ውስጥ ገና በማደግ ላይ ባለው የቀይ ደም ሕዋስ ነው። ይህ ሕዋስ ወደ ደም ሥር ከመውጣቱ በፊት ኒውክሊየሱን፣ ከነዲኤንኤው፣ ይጥላል። ስለዚህ ከክንድ ከተቀዳ ደም የሚወጣው ዲኤንኤ የነጭ ደም ሕዋሳት ነው፤ ከምራቅ የሚወጣውም የነጭ ደምና የአፍ ሽፋን ሕዋሳት ቅይጥ ነው። እያንዳንዱ ዓይነት ሕዋስ ደግሞ የራሱ የሜቲሌሽን መልክ አለው፤ የቅይጡ መጠን ሲለዋወጥ አማካዩም ይለዋወጣል፣ አንድም ሕዋስ ሳይለወጥ። የነጭ ደም ሕዋሳትን መጠን ከሚያዛቡት ነገሮች ቀዳሚው ኢንፌክሽን ነው፣ ቆላና ደጋም በወባ ይለያያሉ። ይህን ከውጭ ያመጣሁት አይደለም፤ ያው ጥናት በደገኞችና በቆለኞች መካከል አብዝተው የተለያዩት የጂን ዓይነቶች በሽታ ከመከላከል ጋር የተያያዙ መሆናቸውን ራሱ ዘግቧል። እንግዲህ በኦሮሞዎቹ የታየው ልዩነት የበሽታ አሻራ ሊሆን ይችላል፤ በአማሮቹ አለመታየቱም መቅኔያቸው አልተለወጠም ለማለት አያበቃም። በዚያ ላይ የዚያን ዘመን የሜቲሌሽን ማንበቢያ ቺፖች በሰው ዲኤንኤ ውስጥ ካሉት 28 ሚሊዮን ገደማ የሜቲሌሽን ቦታዎች ከመቶ 2 እጅ ያህሉን እንኳ አያነቡም ነበር።

በቢል የ2002 ጥናት በሰሜን ተራሮች፣ በአምባራስ 3530 ሜትር ላይ፣ የደም ኦክስጅን ሙሌት በአማካይ ከመቶ 95.3 ነበር፣ የወንዶች ሄሞግሎቢንም 15.9 ግራም በዴሲሊትር። ሁለቱም ከቆላ ሰው መጠን ብዙም አይርቁም፤ ታዲያ እጥረት ከሌለ ምን ለውጥ ይፈለጋል? የሚል ይኖራል። መልሱ ቀላል ነው፤ ሙሌቱ በዚያ ከፍታ እንዴት እንደተጠበቀ ነው ጥያቄው፣ መቅኔም ከደም ሥር ይልቅ ኦክስጅን የሚያንሰው ስፍራ ነው።

ክርክሩን ሊቆርጥ የሚችለው የሕዋስ ዳግም ቅረጻ ነው። ሺንያ ያማናካ በ2006 የአይጥን፣ በ2007 የሰውን ቆዳ ሕዋስ በአራት ፕሮቲኖች ወደ ግንደ ሕዋስነት መለሰ፤ በመመለሱ ሂደት አብዛኛው የሜቲሌሽን ምልክት ይፋቃል። ከደገኛ ሰው የተወሰደ ሕዋስ እንዲህ ተፍቆ እንደገና ወደ ቀይ ደም ሕዋስነት ሲያድግ የደገኛነት ጠባዩ ከቀጠለ በጂኑ የተጻፈ ነው፤ ከጠፋ ምልክቱ ነበር የያዘው። በአንዲስ ተራሮች የከፍታ ሕመምተኞች ሕዋሳት ላይ ይህን መሰል የቀይ ደም ሙከራ ተሠርቷል። የተመለሰ ሕዋስ የቀድሞ ማንነቱን ትዝታ ይይዛል የሚለው ተቃውሞ እውነት ቢሆንም ትዝታው በተደጋጋሚ ርቢ ስለሚደበዝዝ ዘዴውን አያፈርስም።

ለዚህ ጥናት በደቡብ ጎንደር ካሉት ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የተሻለ ስፍራ አላውቅም። ከ4100 ሜትር በላይ ከሚቆመው ከጉና ተራራ፣ ከ3000 ሜትር በላይ ባለችው በንፋስ መውጫ በኩል፣ እስከ ዓባይና በሽሎ ሸለቆ ድረስ አንድ ቋንቋ የሚናገር፣ በጋብቻ የተሳሰረ ሕዝብ ይኖራል፤ ስለዚህ የከፍታ ልዩነት ከዘር ልዩነት ጋር የመምታታቱ አደጋ ያንሳል። በዚያው በጋይንት ያለችው፣ የድጓ (የቤተ ክርስቲያን ዜማ) ምስክር ትምህርት ቤት የሆነችው ቤተ ልሔም ደግሞ ከየአገሩ ተማሪ የምትስብ ናት። ከቆላ መጥቶ ዓመታት የሚቀመጥ ተማሪና እዚያው የተወለደ እኩያው ጎን ለጎን ሊጠኑ ይችላሉ፤ የተማሪው አመጋገብ የተለየ መሆኑን ግን በሒሳብ ማስገባት ግድ ነው።

ከተራ የደም ናሙና ጥቂት ግንደ ሕዋሳትን ለይቶ ቀይ ደም እንዲሆኑ ማሳደግ ስለሚቻል መቅኔ መቅዳት አያስፈልግም። ከእያንዳንዱ ተሳታፊ የብረት መጠን፣ የወባና የአንጀት ጥገኛ ትላትል ምርመራ፣ የነጭ ደም ሕዋሳት ቆጠራም አብሮ ይወሰድ። በእነዚህ ሕዋሳት ላይ የጉና ደገኛና የስማዳ ቆለኛ ልዩነት ከታየ የ2012ቱ ጥናት በአማሮቹ ላይ ያገኘው ባዶ ውጤት ይወድቃል፤ ካልታየም ባዶነቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከትክክለኛው ሕዋስ የተገኘ ማስረጃ ይኖረዋል።