ይህን ክትባት የሠራው ሰው ፈጣሪውን ያምናል?



ከጥቂት ጊዜ በፊት ከመግሪብ ሰላት በኋላ አንዲት እናት ልጇን አዝላ፣ የክትባት ካርዱን በእጇ ይዛ ወደ እኔ መጣች። «ኡስታዝ፤ ሐላል ነው ሐራም ብዬ ልጠይቅዎ አይደለም የመጣሁት። ይህን የሠሩት ሰዎች ግን ፈጣሪያቸውን ያምናሉ?» አለችኝ። አጭር መልስ ሰጥቼ ሸኘኋት። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ጥያቄዋ ከመልሴ የተሻለ ሆኖ አገኘሁት። ጠርሙሱን ከፍተን የምንመረምርበት እውቀት የለንም፤ የምናምነው ሠሪውን ነው። አላህን የማይፈራ ሰው ለልጄ ለምን ያዝናል ማለት ደግሞ የመሃይም ስጋት አይደለም።

በቅድሚያ፣ ሳይንቲስቶች ያምናሉ ወይ ለሚለው የተጠና ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1914 ጀምስ ሊዩባ የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር የአሜሪካ ሳይንቲስቶችን ጸሎት በሚሰማ አምላክ ታምናላችሁ ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ከ10ሩ 4 ያህሉ እናምናለን አሉ። ሊዩባ ትምህርት ሲስፋፋ ይህ ቁጥር እያነሰ ይሄዳል ብሎ ገምቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ ጥያቄ ደግመው ሲጠይቁ መልሱ አሁንም ወደ 40 ከመቶ ገደማ ሆነ። በአገሪቱ የሳይንስ አካዳሚ አባላት ዘንድ ግን እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ውጤት 7 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበር። እንግዲህ ሁሉም ለክርክሩ የሚስማማውን ቁጥር መርጦ ይጠቅሳል። ለዚያች እናት ግን ይህ ምን ይፈይድላታል? ጠርሙስ ላይ የሠሪው እምነት አይጻፍም።

ወደ ሲራችን እንመለስ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እ.ኤ.አ. በ622 ከመካ ሲሰደዱ ቁረይሾች ለያዛቸው ሰው 100 ግመል መድበው ነበር። በዚያ ጭንቅ ሰዓት እርሳቸውና አቡበክር (ረ.ዐ) መንገድ መሪ አድርገው የቀጠሩት ዐብዱላህ ኢብኑ ኡረይቂጥን ነበር። ኢማሙ ቡኻሪ እንደዘገቡት ሰውየው ያኔ በቁረይሾች እምነት ላይ ነበር። ይሁንና በረሃውን ጠንቅቆ ያውቃል፤ አማና የሚጠብቅ መሆኑም ታውቋል። ስለዚህ ግመሎቻቸውን አስረከቡት፤ ከሦስት ሌሊት በኋላ በሠውር ዋሻ ሊገናኙ ተቀጣጠሩ፤ እርሱም በቀጠሮው ተገኘ። በአንዲት ቃሉ ሽልማቱን ማፈስ የሚችል ሰው ነበር።

ይህ ማለት ግን የባለሙያ ሃይማኖት ምንም ቦታ የለውም ማለት አይደለም። በባግዳድ ሑነይን ኢብኑ ኢስሓቅ የሚባል ክርስቲያን ሐኪም ነበር (809 – 873)፤ የጋሊኖስን የሕክምና መጻሕፍት ወደ ሱርያኒና ወደ ዐረብኛ የመለሰ ትልቅ ሊቅ ነው። የሐኪሞችን ታሪክ የጻፉት ኢብኑ አቢ ኡሰይቢዓ እንደሚተርኩት ኸሊፋው አል-ሙተወኪል ይህ ሰው በሩሞች ተገዝቶ እንዳይሆን ሰጋ። ጠርቶትም አንድ ጠላት የሚገደልበት መርዝ እንዲቀምም ትልቅ ሽልማት አቀረበለት። ሑነይን የተማርኩት የሚጠቅም መድኃኒት ብቻ ነው ብሎ እምቢ አለ፤ አንድ ዓመትም ታሰረ። ከእስር አውጥተው በአንድ በኩል ገንዘብ፣ በሌላ በኩል ሰይፍ ሲያቀርቡለት መልሱ ያው ሆነ። ያኔ ኸሊፋው ልፈትንህ ነበር አለው፤ ምን እንደከለከለው ሲጠይቀውም ሃይማኖቴና ሙያዬ ብሎ መለሰ። እኔ ታሪኩን ብወደውም አንድ ነገር ይቆረቁረኛል፤ አንድን ንጹሕ ሰው ለማመን አንድ ዓመት ማሰር ያስፈልግ ነበር?

አሁን ወደ ዘመናችን፣ ወደ ሰሜን ናይጄሪያ ልውሰዳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1996 ናይጄሪያን ከባድ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ መታት፤ ከ10 ሺህ በላይ ሰው አለቀ። ፋይዘር የተባለው የአሜሪካ መድኃኒት ኩባንያ ወደ ካኖ ከተማ መጥቶ ትሮቫን የተባለ አዲስ መድኃኒት በሕፃናት ላይ ሞከረ። ለ100 ሕፃናት አዲሱ፣ ለሌሎች 100 ደግሞ የተለመደው መድኃኒት ተሰጠ። ከሁለቱም ወገን በድምሩ 11 ሕፃናት ሞቱ። ወላጆች ሙከራ መሆኑ አልተነገረንም ብለው ከሰሱ፤ ኩባንያው ጥፋተኛ አይደለሁም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ከካኖ ግዛት መንግሥት ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ።

ያ ቁስል ሳይሽር እ.ኤ.አ. በ2003 የፖሊዮ ክትባት ዘማቾች የዚያችኑ ከተማ በሮች አንኳኩ። ክትባቱ ሴቶችን ያመክናል፣ የኤድስ ቫይረስም አለበት የሚል ወሬ ተነዛ። ካኖ ወደ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ክትባቱን አቆመች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ክትባቱን አጥብቀው ከተቃወሙት መካከል ሙስሊም ሐኪም ነበሩ፤ ደኅና ነው ብለው ከተከራከሩትም መካከል ሙስሊም ባለሙያዎች ነበሩ። ሁለቱም ወገን ይሰግዳል! በማን እንመን ብሎ ሕዝቡ ቢደናገር አይገርምም።

እ.ኤ.አ. በ2004 መጀመሪያ የሃይማኖት መሪዎች ያሉበት ቡድን ክትባቱ ሲመረመር እንዲያይ ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ወደ ሕንድና ወደ ኢንዶኔዥያ ተላከ። በመጨረሻም ካኖ ኢንዶኔዥያ ውስጥ፣ በባንዱንግ ከተማ የተሠራውን ክትባት ተቀበለች፤ የሙስሊም አገር ሥራ ነውና። በሐምሌ ወር መጨረሻ የካኖ ገዥ የራሳቸውን ሕፃን ልጅ በሕዝብ ፊት አስከተቡ። ሰዎችን የሚያውቁትና የሚያምኑት ወገን ሥራ እንዳረጋጋቸው አልክድም። ነገር ግን የባንዱንጉ ክትባት ቀድሞ ከተመለሰው የተለየ ነገር አልነበረውም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ሁለቱንም የሚመዝነው በአንድ መለኪያ ነበር። እኔ እንደማየው በካኖ የጎደለው የባለሙያዎች እምነት አልነበረም። በ1996 ለእነዚያ ወላጆች እውነቱን በቋንቋቸው ያስረዳ፣ ልጅ ሲሞት ቀርቦ የተጠየቀ ሰው ጠፍቶ ነው። ለዚያች እናትም ዛሬ ብትመጣ የምላት ይህንን ነው፦ እህቴ፤ ማን እንደመረመረው፣ ጉዳት ቢመጣ ማን እንደሚጠየቅ፣ ሠራተኞቹ የራሳቸውን ልጆች ያስከትቡ እንደሆነ ጠይቂ። መልስ የማግኘት መብት አለሽ።

ካኖ በቆመችበት ጊዜ ግን ቫይረሱ አልቆመም። ከሰሜን ናይጄሪያ ተነሥቶ ሱዳን ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ ከሱዳን ወደ እኛ አገር ተሻገረ። በ2005 በየመን ከ400 በላይ ሕፃናትን መታ። በዚያው ዓመት ለ10 ዓመት ያህል ፖሊዮ ያልታየባት ኢንዶኔዥያ ውስጥ፣ ባንዱንግ በምትገኝበት በምዕራብ ጃቫ ግዛት፣ አንድ ሕፃን ሽባ ሆነ። ሊቃውንት የቫይረሱን ዘር ሲመረምሩ ምንጩ ናይጄሪያ ሆነ። ለካኖ ክትባት የላከችው አገር ከ300 በላይ የራሷ ልጆች ሽባ ሆኑባት።