ለወረዳ የመረጃ ልውውጥ የትኛው ፕሮቶኮል ይመረጣል?

የፌዴራል፣ የክልልና የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን ለማገናኘት የተዘረጋው ወረዳኔት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአብዛኛው በሳተላይት አማካይነት ይሠራ ነበር። የመገናኛ ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሲገኝ፣ ጥያቄ ተልኮ ምላሹ እስኪደርስ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይወስዳል።

በኢንተርኔት መረጃ የሚጓዘው በዋናነት ፕሮቶኮል በሚባሉ ሁለት የአላላክ ደንቦች ነው። ቲሲፒ መረጃው መድረሱን ያረጋግጣል፤ የጎደለውን ደግሞ ይልካል፤ ቅደም ተከተሉንም ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው ዩዲፒ ግን ማረጋገጫ ሳይጠብቅ ይልካል፤ የጠፋውንም አይተካም።

በደቡብ ወሎ በአርዲቦ ሐይቅ አካባቢ የሚገኝ አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት የሐይቁን የውኃ ከፍታ መዝገብ ወይም የደመወዝ ሰነድ ወደ ዞን ቢልክ፣ አንድም አኃዝ መጉደል ስለሌለበት ቲሲፒ ይመረጣል። በቪዲዮ ስብሰባ ግን የጠፋን ድምፅ እንደገና እስኪላክ መጠበቅ ንግግሩን ስለሚያቋርጥ ዩዲፒ ተስማሚ ይሆናል።

ይሁንና ዩዲፒ መስመር ሲጨናነቅ ፍጥነቱን በራሱ አይቀንስም። በመሆኑም ጠባብ መስመር ለሁለቱም አገልግሎት ሲውል፣ ስብሰባው ሰነዱን እንዳያስተጓጉል የየራሳቸው ድርሻ አስቀድሞ ሊወሰን ይገባል።